መድረክ ላይ የተደረሰ ለቅሶ

ባለፈው ሐሙስ ወደ ትምህርት ክፍላችን አንዲት እንግዳ መጥታ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣች ወጣት የቴአትር ባለሙያ ናት፤ ፀጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ድምፅዋ ለአዳራሽ የተሠራ የሚመስል። የንግግሯ ርዕስ ከማኅበረሰቡ ጋር ስለሚሠራ ኪነ ጥበብ ነበር። እኔ እንደ ልማዴ ፊት ረድፍ ተቀምጫለሁ። ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሁሉ በዕድሜ የምበልጠው እኔ ስለሆንኩ ልጆቹ «እማማ» ይሉኛል፤ መምህራችን ግን እንደማንኛውም ተማሪ ሥራዬን በቀይ ያርሙልኛል፤ ይህም ደስ ይለኛል። ያልገባኝን እጠይቃለሁ፤ የታዘዝኩትን ከቀኑ ቀድሜ አስረክባለሁ። እንግዳዋ በንግግሯ መካከል ቆም አለችና «ትልቁ ፈተናችን ታዳሚውን ከወንበሩ አስነሥቶ ወደ መድረክ ማምጣት ነው። እዚህ አካባቢ ሕዝቡ ራሱ ተነሥቶ መድረክ ላይ የወጣበት ጊዜ የሚያውቅ አለ?» ብላ ጠየቀች። እጄን አወጣሁ። «እሺ እናቴ» አለችኝ። ተነሣሁ፤ አፌን ከፈትኩ፤ ቃል ግን አልወጣልኝም። አዳራሹ ሁሉ ሲጠብቀኝ «ይቅርታ፣ ረስቼዋለሁ» ብዬ ተቀመጥኩ። አልረሳሁትም ነበር። ስንወጣ መምህራችን ቀረብ ብለው «መናገር ካስቸገረዎት ይጻፉት» አሉኝ። እንደታዘዝኩት እጽፋለሁ።

ያኔ፣ በደርግ ጊዜ፣ እኔ ደሴ ሆጤ ሰፈር የምኖር፣ ገና ትምህርቴን ያልጨረስኩ ልጃገረድ ነበርኩ። ደሴ ፒያሳ ላይ አንድ ብርጭቆ ሻይ በዐሥር ሳንቲም፣ ትኩስ ፓስቲ በአምስት ሳንቲም ይገኛል። ፓስቲውን የሚጠቀልሉበት የጋዜጣ ቁራጭ ዘይት ጠጥቶ ፊደሉ ከጀርባው ይነበብ ነበር። ከዚያ በፊት የነበረውን ጊዜ ደግሞ ታላላቆቻችን ያወሩት ነበር፤ ከታች ሰፋ ያለ ሱሪ፣ የተከመረ አፍሮ፣ ባለ ተረከዝ ጫማ። እኛ ለአቅመ መልበስ ስንደርስ ሁሉም ነገር ካኪ ሆነ። ካኪውም ቢሆን አማረብን ብለን በከሰል ካውያ ተኩሰን፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ አስረን፣ ከሸዋ በር እስከ ፒያሳ የምንመላለስበት ጊዜ ነበር። የጦሳ ተራራ ጭጋጉን ሲለቅብን ቀይ ሻሻችን ብቻ ይታያል። ስኳርና ሳሙና ከቀበሌው ሱቅ ነው፤ ለስብሰባ ያልመጣ ሰው ስኳር አይደርሰውም፤ ስለዚህ ሁሉም ሰው ለስብሰባ ይመጣል። ዜማውም ተለውጦ ነበር። ወሎ የዜማ አገር ነው እየተባለ፣ የሠርጉን ዜማ ወስደው ትራክተር አስገቡበት፤ ሙሽራ ይባልበት የነበረው ቦታ ላይ ምርት ይባል ጀመር። ዛሬ በዚያው መንገድ በባጃጅ ሳልፍ ከአንዱ ሱቅ የድሮው ዜማ በድሮው ቃሉ ሲመጣ እሰማለሁ፤ አፌ ላይ የሚመጣው ግን ትራክተሩ ነው።

ቀበሌያችን የኪነት ቡድን ሲያቋቁም ድምፅ አላት ተብዬ ተመረጥኩ። ቡድኑን የሚመራው ጋሽ ሙሄ ነበር፤ ሙሉ ስሙ መሐመድ ነው፤ ሕፃናትን መዝሙር የሚያስተምር፣ ቀጭን፣ ሲናደድ የሚስቅ፣ ሲደሰት የሚቆጣ ሰው። አዳራሹ ድሮ የአንድ ሀብታም የእህል መጋዘን የነበረ ነው። ወለሉ በናፍጣ ስለሚወለወል ሽታው ልብሳችን ላይ ይቀርና እናቴ «ደግሞ መኪና ስትጠግኚ ዋልሽ?» ትለኝ ነበር። መጋረጃችን ሁለት የወታደር ብርድ ልብስ ነው። እኔን አሮጊት ለማድረግ ፀጉሬ ላይ ዱቄት ይነሰንሳሉ፤ ለፊቴ ሽብሽብ ከሰል ይስሉልኛል። የተሰጠኝ ጨዋታ ልጇ ግንባር ላይ የወደቀባት እናት ነበረች። እናቲቱ መርዶ ትሰማለች፤ ትንሽ ታለቅሳለች፤ ከዚያ አንድ ካኪ የለበሰ መልእክተኛ ገብቶ «እናት፣ አታልቅሺ፣ አገር ትጠራሻለች» ይላታል፤ እሷም ብድግ ብላ «አላለቅስም! ሌላም ልጅ አለኝ፤ እሱንም ሰጥቻለሁ!» ትላለች፤ ሕዝቡ ያጨበጭባል፤ መጋረጃ ይዘጋል። መልእክተኛው ራሱ ጋሽ ሙሄ ነው። የጨዋታው ሁሉ ነገር ያች አንዲት ዓረፍተ ነገር ነበረች፤ የቀበሌያችን ካድሬ ጽሑፉን ሲያጸድቅ ከሥሯ ያሰመረባት እሷን ብቻ ነው።

አሁን ስለ እትየ ፋጤ ልናገር። እትየ ፋጤ የግቢያችን ጎረቤት ናቸው፤ በመካከላችን የቁልቋል አጥር ብቻ ነበር። የሰፈሩን ልጃገረዶች ሁሉ ሹሩባ የሚሠሩልን እሳቸው ናቸው። ባላቸው ቀድሞ ሞቶ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ ትልቁ ሰይድ፣ ትንሹ ጀማል። ሰይድ ዝምተኛና ሒሳብ አዋቂ ነበር፤ እኔን ክፍልፋይ ያስተማረኝ እሱ ነው። አንድ ጠዋት ከትምህርት ቤት መንገድ ላይ ወሰዱት። ከቆይታ በኋላ እናቱን ጠርተው ሹራቡን ሰጧቸው። ሌላ ቃል አልተናገሩም፤ ሹራቡ በቂ ነበር። ቤት እንዳይለቀስ፣ ድንኳን እንዳይተከል፣ ሰው እንዳይሰበሰብ ተነገራቸው። እትየ ፋጤም በማግስቱ እንደ ሁልጊዜው ደጃቸው ላይ በርጩማ አውጥተው ተቀመጡ፤ እኛም ፀጉራችንን ልንሠራ ሄድን። ጣታቸው እንደ ድሮው ይሄዳል።

ለማያውቅ ሰው የኛን አገር ለቅሶ ማስረዳት አለብኝ፤ አለበለዚያ የሚቀጥለው ነገር ግልጽ አይሆንም። በወሎ እስላሙ ሲሞትበት ክርስቲያኑ፣ ክርስቲያኑ ሲሞትበት እስላሙ ሄዶ አንድ ሰሌን ላይ ይቀመጣል። ለቅሶ መድረስ ከማንኛውም ነገር ይቀድማል። ተጣልተህ ብትከርም ለቅሶ ከደረስክ ታርቀሃል፤ ወዳጅ ሆነህ ብትከርም ለቅሶ ካልደረስክ ዓይኑን ማየት አትችልም። የሚያለቅስን ሰው ብቻውን ትቶ ማለፍ አይቻልም፤ እግር እምቢ ይላል። የሰይድን ለቅሶ ሰፈሩ አልደረሰም። ከዚያ ወዲህ ሰዎች እትየ ፋጤን ከሩቅ ሲያዩ መንገድ ይቀይሩ ጀመር። ብዙ ሰው በፍርሃት ይመስለው ነበር። እኔ ግን የእናቴን ፊት አይቻለሁ፤ ሐፍረት ነበር።

የጨዋታው ቀን ጡሩንባ ተነፍቶ አዳራሹ ሞላ። ካድሬው ከሌላ አገር ተመድቦ የመጣ፣ የሰፈሩን ሰው በመልክ እንጂ በታሪክ የማያውቅ ወጣት ነው፤ ፊት ላይ ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል። እኔ ዱቄቴን ተነስንሼ ሰሌን ላይ ተቀመጥኩ፤ መርዶው መጣ፤ የተጻፈልኝን ሙሾ ጀመርኩ። ሙሾው ውስጥ የድል ቀንና የጠላት ስም ነበረበት፤ ለቅሶ አይመስልም። ድምፄ ግን ድምፅ ነው። መጀመሪያ ከኋላ አንዲት ሴት ስትነፋረቅ ተሰማኝ። ቀና ስል የሴቶቹ ረድፍ ላይ ነጠላ ይዘቀዘቃል፤ ጥለቱን ወደ ላይ አዙረው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚለበሰው። አንዷ ስታዘቀዝቅ ጎኗ ያለችው ታያታለች፤ እሷም ታዘቀዝቃለች። ጨዋታ መሆኑን ያልተረዳ ማንም አልነበረም። ዱቄቱ እንኳ ትከሻዬ ላይ ረግፎ ይታያል። ግን ሰሌን ላይ የተቀመጠች አልቃሽ አለች፤ አጠገቧም ሰው የለም።

እትየ ፋጤ ተነሡ። ማንም አልከለከላቸውም። ደረጃውን ወጥተው አጠገቤ ሰሌኑ ላይ ተቀመጡና እጄን ያዙኝ። ከዚያ ለቅሶውን ከአፌ ወሰዱት፤

«ከፍቼ አድራለሁ፣ አልዘጋም በሩን፣
የሚያሳየኝ አጣሁ የልጄን አፈሩን።»

የሰው ድምፅ እንዲህ ሲወጣ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልሰማሁም። ወንበሩ ሁሉ ተንኳኳ። ሴቶቹ መጡ፤ ወንዶቹም መጡ፤ ተራ ይዘው መድረኩን ወጡ። እኔን ለወጉ ያህል «እግዜር ያጥናሽ» ይሉኝና ወደ እሳቸው ጎንበስ ብለው «አላህ ሰብሩን ይስጥሽ፣ እህቴ» ይላሉ። እናቴም መጣች። እትየ ፋጤን አቅፋ «ይቅር በይኝ፣ ዘግይቻለሁ» ስትል ሰማኋት። ካድሬው መጀመሪያ ያጨበጭብ ነበር፤ ጨዋታው የተሳካ መስሎታል። ከዚያ ማጨብጨቡን አቆመና ተነሣ።

«ቁም! ይህች ሴትዮ ማን ናት? ጽሑፉ ላይ አንዲት እናት ናት ያለችው።»

ጋሽ ሙሄ ካኪውን እንደለበሰ ከብርድ ልብሱ ጀርባ ወጣ። ግንባሩ ላይ ላብ ነበር። «እናቲቱ እሳቸው ናቸው ጓድ። ይህች ሴት ልጃቸው ናት፤ ለቅሶውን አሟሙቃ ትሰጣቸዋለች።»

«ለእኔ የቀረበው ጽሑፍ እንደዚህ አይልም።»

«ሙሾ በጽሑፍ አይቀርብም ጓድ። አልቃሽ ከሆዷ ነው የምታወጣው። ጽፈን ብንሰጣት ሰፊው ሕዝብ ይስቅብን ነበር።»

«እውነት ነው!» አለ ከኋላ አንድ ሽማግሌ።

«እሺ፣ የልጄን አፈር የሚያሳየኝ አጣሁ ማለት ምንድን ነው? የጀግና መቃብር ይጠፋል እንዴ?»

እዚያ የቆመ ሰው ሁሉ ሰይድን ያውቃል፤ በሩ ላይ የቆሙት የቀበሌው ጥበቃዎችም ያውቃሉ። አንድም ሰው አፉን አልከፈተም። ጋሽ ሙሄ ሳቅ አለ፤ ሲናደድ ነው የሚስቀው ብያለሁ። «ልጁ የወደቀው ድንበር ላይ ነው። እናት ደሴ ተቀምጣ አፈሩን በምን ዓይኗ ታየዋለች፣ ጓድ?»

ካድሬው ዞር ሲል ሚስቱ ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ፊቱ ለዘብ አለ። «ጥሩ ነው። እንዲህ ያለ ስሜት ነው የሚያስፈልገው። ለኮምቦልቻው በዓል እኚሁ ሴትዮ ይጫወቱት፤ የበላይ አካላት ይገኛሉ። ግን የመጨረሻውን ቃል ዛሬ አልሰማሁትም። እዚያ እሰማዋለሁ።»

እንዲህ ሆኖ እትየ ፋጤ ሳይፈልጉ ተዋናይ ሆኑ። እኔም ከእናትነት ወደ ሴት ልጅነት ወረድኩ። ዛሬ ክፍል ውስጥ ስለ ተዋናይና ስለ ገጸ ባሕርይ ስንማር፣ ተዋናይ በራሱና በገጸ ባሕርይው መካከል ርቀት ይጠብቅ ሲባል፣ እኔ ማስታወሻዬን እጽፋለሁ፤ ርቀቱ የት ጋ ሊሆን ይችል እንደነበር ግን አላውቅም። ልምምዱ ከሰዓት በኋላ ነበር። ሙሾውን ሲያወጡ ጋሽ ሙሄ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። በየልምምዱ ይወጣላቸዋል፤ በየልምምዱ አዲስ ነው። ለሰይድ የሚለቀሰው እዚያ ብቻ ስለነበር ጠልተውታል ለማለት አልደፍርም። ያችን ዓረፍተ ነገር ግን እምቢ አሉ።

«እትየ ፋጤ፣ የጨዋታ ቃል ነው እኮ» አላቸው ጋሽ ሙሄ።

«መላኢካ ጨዋታ ያውቃል እንዴ፣ ሙሄ?»

«እሱስ...»

«አንተም የእስላም ልጅ ነህ። ሰው የተናገረውን አሚን እያለ የሚያልፍ መላኢካ እንዳለ እናትህ አልነገረችህም? ልጄን ሰጠሁ ብዬ በአፌ ላውጣና አሚን ይበልብኝ?»

«ካልተባለ ግን ካድሬው ያውቃል። ተዋናይ አለመሆንዎን ካወቀ ደግሞ ማን መሆንዎን ይጠይቃል። እርስዎም እኔም አለቅን።»

«እሱንም አውቃለሁ። ወላሂ ሌሊቱን ስለው አድራለሁ፤ ልቤ ይለዋል፣ ምላሴ አይለውም።»

ለቡድኑ ሁሉ የቀረው ይኸ ብቻ ሆነ፤ እትየ ፋጤ ኮምቦልቻ ላይ ያችን ቃል ይሏታል ወይስ አይሏትም። አንድ ቀን ደጃቸው ላይ ሹሩባ ሲሠሩኝ ጀማል የተቆላ ሽምብራ እየቆረጠመ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። ያኔ ድምፁ ገና መጎርነን የጀመረ፣ ነገር ሁሉ ቀልድ የሚሆንለት ልጅ ነበር።

«እማ፣ በይውና ይለፍ አቦ። መላኢካው ሲመጣ እኔ አልጋ ሥር እገባለሁ።»

«ዝም በል አንተ!» ብለው በማበጠሪያው ጉልበቱን መቱት።

«ኧረ ወላሂ፣ እኔን የሚሰጠው ሰው ራሱ ይመልሰኛል። በልቼ አልጠግብ!»

እትየ ፋጤ ሳቁ። ሰይድ ከተወሰደ በኋላ ሲስቁ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ግን እጃቸው ፀጉሬ ውስጥ እንዳለ ቀረ፤ ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። እኔም አንገቴን ጎንበስ እንዳደረግሁ ጠበቅሁ። ጨዋ ልጅ ነበርኩ፤ የታዘዝኩትን የማደርግ፣ ትልቅ ሰው ሲጨነቅ ምን ላድርግ ብዬ የምቁነጠነጥ።

ወደ ኮምቦልቻ የሄድነው ሸራ በለበሰ የጭነት መኪና ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛውን ስንወርድ ጭጋጉ ከላይ ይቀራል፤ አየሩ ይሞቃል፤ ሹራባችንን አንድ በአንድ እናወልቃለን። ሌላ ጊዜ ቢሆን እንዘፍን ነበር። ከታች የቦርከና ወንዝ ሲታይ ልጆቹ «ሸንኮራ! ሸንኮራ!» ብለው ጮኹ፤ መንገድ ዳር በስሙኒ ትልቅ አገዳ ይሰጣሉ። ጋሽ ሙሄ ለሁላችንም ገዛልን፤ ለእትየ ፋጤም ልጦ፣ ቆርጦ ሰጣቸው። እጃቸው ላይ እንደያዙት ደረስን። ኮምቦልቻ ያኔ የጭስ ማውጫና የሠራተኛ ከተማ ነው። ሲረን ሲነፋ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሕዝብ መንገዱን ይሞላዋል፤ ደሴ ያለ ሴት ሁሉ የኮምቦልቻ ሠራተኛ ልታገባ ትመኛለች ይባል ነበር፤ ደመወዙ ቁርጥ ነው፣ በየወሩ ነው። አዳራሹ ከእኛ መጋዘን አሥር እጥፍ ይሆናል፤ እውነተኛ ቀይ መጋረጃ አለው፤ ማይክራፎን አለው። ከፊት ረድፍ የደረት ምልክት ያደረጉ ሰዎች ተቀምጠዋል፤ ካድሬያችን ጥግ ላይ ሆኖ መድረኩ ላይ አፍጥጧል።

እትየ ፋጤ አለቀሱ። አዳራሹም አለቀሰ፤ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ወንዶች እንኳ ቆባቸውን አውልቀው ነበር። ከዚያ ጋሽ ሙሄ በካኪው ገባ። «እናት፣ አታልቅሺ፣ አገር ትጠራሻለች» አለ። እትየ ፋጤ ብድግ አሉ። እስከዚህ ድረስ ሁሉም እንደታዘዘው ነው። «አላለቅስም» አሉ። ከዚያ ቆሙ። አፋቸው ተከፈተ፤ ተዘጋ። የነጠላቸውን ጫፍ አንሥተው ነከሱ። ካድሬያችን ወንበሩ ጫፍ ላይ ተሳበ። ጋሽ ሙሄ ያለ ድምፅ በከንፈሩ ቃሉን ያቀብላቸዋል፤ እሳቸው ግን እያዩት አያዩትም። ዝምታው ሲረዝም ከፊት ረድፍ አንዱ ወደ ጎረቤቱ ጎንበስ ብሎ ምን እንደሆነ ጠየቀ።

እኔ ያኔ ጀግና መሆን አላሰብኩም። ይህንን የምጽፈው አንባቢ እንዳይሳሳት ነው። ያሰብኩት ጨዋታው እንዳይበላሽ፣ እትየ ፋጤም እንዳይጨነቁ ብቻ ነበር። ከሰሌኑ ተነሣሁና «እማ፣ ሌላ ልጅ እኔ አለሁልሽ። እኔ እሄዳለሁ!» አልኩ። እማ ስል የጨዋታዋን እናት ማለቴ ነው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ጋሽ ሙሄ ዓይኑን ጨፈነ። መጋረጃው ከመዘጋቱ በፊት ከፊት ረድፍ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን ተነሥቶ ወደ መድረኩ መጣ፤ ጨበጠኝ፤ ማይክራፎኑን አፌ ላይ አድርጎ ስሜን ጠየቀኝ። ነገርኩት። «ቃልሽን ተቀብለናል፣ ጓዲት!» አለ። ሕዝቡ እንደገና አጨበጨበ። ጨዋታ ነው ብል፣ የትኛው ነው ጨዋታው ተብሎ ይጠየቃል፤ ከእኔ ጀምሮ እስከ እትየ ፋጤ ድረስ ማን ምን እንደሆነ ይመረመራል። ስለዚህ አንገቴን ነቀነቅኩ።

ስንመለስ በመኪናው ውስጥ እትየ ፋጤ ከንፈሬን በሁለት ጣታቸው ቆነጠጡት። «ምን ነካሽ? ምን አልሽ አንች ልጅ? በይ መልሺው፤ አውፍ በይ፤ አላህ ይቅር ይበልሽ።»

«ጨዋታ ነው እኮ እትየ።»

«ጨዋታ!» አሉና ግንባሬ ላይ እንትፍ እንትፍ እያሉ እስከ ደሴ ድረስ ዱዓ አደረጉልኝ። ሐረጎን ስንወጣ እንደገና ጭጋግ ውስጥ ገባን።

ጥቂት ቆይቶ ወደ ግንባር በሚዘምት የኪነት ቡድን ውስጥ መመደቤ ተነገረኝ። እናቴ ዜናውን የሰማችው ከሰው ነው፤ ሴቶች ወፍጮ ቤት ሲያወሩ። ቤት ስገባ አልጮኸችም። «ማን ጠየቀሽ?» ብቻ አለችኝ። «ማን ጠየቀሽ፣ ልጄ?» ከዚያ አጥሩን አልፋ እትየ ፋጤ ደጅ ላይ ቆመች። «ልጅሽን በልጄ ለወጥሽ» አለቻቸው። እትየ ፋጤ መሬት መሬት አዩ። እነዚያ ሁለት ሴቶች፣ መድረክ ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በቁልቋሉ አጥር ማዶና ማዶ ሆነው ዝም ተባባሉ።

ሰሜን ላይ የነበርኩባቸውን ዓመታት እዚህ አልተርክም፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደሉም። በቦይ ውስጥ፣ በመኪና ላይ፣ በሸራ ሆስፒታል በር ላይ ዘፈንኩ። ነጠላ ጫማ ሳይቀር ካኪ ነበር። የዘፈንኩላቸው ልጆች ስንቱ እንደተመለሰ አላውቅም። ትምህርቴ ግማሽ ላይ ቀረ፤ አሁን በዚህ ዕድሜዬ ከልጅ ልጆቼ እኩዮች ጋር አንደኛ ዓመት የምቀመጠውም ለዚህ ነው። መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነና እኔም ሰው በሰጠኝ ሸሚዝ፣ በሰው መኪናና በእግሬ ደሴ ገባሁ። ሆጤ ስደርስ አንዱ የነገረኝ መጀመሪያ ስለ ጀማል ነበር። ለብሔራዊ ውትድርና ልጅ ሲታፈስ ሰኞ ገበያ ላይ ያዙት፤ አልተመለሰም።

ወደ እናቴ ቤት ሳልገባ ቀድሜ እትየ ፋጤ ቤት ገባሁ። ለቅሶ ይቀድማል ብያለሁ። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ አወቁኝ። ሲያቅፉኝ አጥንታቸው ብቻ ነበር። አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ «አላህ ሰብሩን ይስጥዎት» አልኩ።

«ጨው ልኬው ነው የወሰዱት» አሉ። «አንድ ጣሳ ጨው። ሮጬ ደረስኩ፤ መኪናው ላይ ሆኖ አየኝ፤ እንደ ልማዱ ሳቀ። ጥበቃውን እግሩን ያዝኩት፤ ገፈተረኝ። ስሚኝ ልጄ፤ ወሰዱት እንጂ እኔ አልሰጠሁትም። በአፌ አላወጣሁትም። አላህ ፊት ስቆም ይህንን እላለሁ። ወሰዱት እንጂ አልሰጠሁም።»

«አውቃለሁ እትየ።»

«አንች ታውቂያለሽ» አሉ። «ሌላ ማን ያውቅልኛል።» ፊታቸው ላይ ያየሁት ነገር እረፍት ይሁን ሌላ፣ እስከ ዛሬ ስም አላወጣሁለትም።

ከዚያ አጥሩን ዞሬ እናቴ ቤት ገባሁ። እናቴ አለቀሰች፤ አጠበችኝ፤ አበላችኝ፤ አረጀሽ አለችኝ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ነው እትየ ፋጤ ያሉትን የነገርኳት። ይታረቁ እንደሆን ብዬ ነበር። እናቴ እህል ትለቅም ነበር፤ ሰፌዱን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ቀና ብላ አየችኝ።

«እሷስ የምትለው አላት» አለችኝ። «አልሰጠሁም ትላለች። አንች የሄድሽ ጊዜ እኔ ምን ልል ነበር? ወሰዷት አልል፣ አልወሰዱሽም። ሰጠሁ አልል፣ ማንም አልጠየቀኝ።»

መልስ እየጠበቀች ቆየች። እኔም እስከ ዛሬ እየፈለግሁ ነው።